እርማት፦ የመርፌ ክብደት መቀነስ የሙዚቃ ሸክላ አያድንም

ሰላም ወዳጆች። እዚህ ውይይት ላይ አንድ ምክር ደጋግሞ ሲነሳ አየሁ። ባጭሩ «የሸክላ ማጫወቻው መርፌ በቀለለ ቁጥር ሸክላው አይጎዳም፤ ስለዚህ ክብደቱን የቻላችሁትን ያህል ቀንሱት» የሚል ነው። ለሸክላ ከማሰብ የመጣ መሆኑ ይገባኛል። ግን ትክክል አይደለም።

መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲሄድ ሁለቱንም ግድግዳዎች ሳይለቅ መንካት አለበት። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት ከሚገባው በታች ከሆነ፣ ድምፁ ጠንከር በሚልበት ቦታ ላይ ግድግዳውን ይለቅና ተመልሶ ይመታዋል። ሸክላውን የሚጎዳው ይኼ ነው። የተጎዳ ቦይ ደግሞ አይጠገንም። በኋላ ክብደቱን ብታስተካክሉም የድምፁ መሻከር አይለቅም። ከልክ በላይ ማክበድም ያው ጉዳት አለው፤ አሁን የሚያሳስበኝ ግን ለጥንቃቄ ተብሎ የሚደረገው ማቅለል ነው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ የካርትሪጁ (መርፌው የሚሰካበት ትንሽ ዕቃ) መመሪያ ላይ አምራቹ ከስንት እስከ ስንት ግራም እንደሚፈቅድ ተጽፏል። ለምሳሌ ለኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የሚመከረው 1.8 ግራም ነው። መርፌውን በሚይዘው የማጫወቻው ክንድ ላይ ያለው የክብደት ቁጥር ሊሳሳት ስለሚችል በትንሿ ዲጂታል የመርፌ ሚዛን ለኩት። ከዚያ ድምፃዊው «ስ» እና «ሽ» ሲል አድምጡ፤ በተለይ መርፌው ወደ ሸክላው መሃል ሲጠጋ። ከሻከረ መጀመሪያ መርፌውን አጽዱ። ካልተሻሻለ አምራቹ ከፈቀደው ሳታልፉ ክብደቱን ጥቂት ጨምሩ።