የዝምታ ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር

ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ በ270 አውራ ጎዳና ሽቅብ ወጥታችሁ ፍሬድሪክ ላይ መንገድ 15ን ስትይዙ ተርሞንት ትደርሳላችሁ። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ኩኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ አለ፦ 78 ጫማ እየተንደረደረ የሚወርድ ፏፏቴ፣ ሐይቅ፣ ጫካ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የሚያርፉበት ካምፕ ዴቪድም እዚያው የካቶክቲን ተራራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳትና የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤጊን 13 ቀን ከርመው የተስማሙት በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነበር። የእኛ ሰው 13 ቀን አያባክንም፤ ጸጥታውን ለመጨረስ አንድ የቅዳሜ ሌሊት ይበቃዋል።

መጀመሪያ ሊወደስ የሚገባው አደራረሳችን ነው። በብርሃን ድንኳን መትከልማ ማንም ያውቅበታል። እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በአራት መኪና እንገባለን፣ ረጅም መብራታችንን የጎረቤት ድንኳን ላይ እናበራለን፣ ከዚያ ካስማ ፍለጋ ነው። ካስማ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ካልተመታ ገመዱ ሲወጠር ይነቀላል። እኛ ግን ቀጥ አድርገን እንመታዋለን፤ ቀጥ ማለት ያኮራላ። ከስር የሚነጠፈው ሸራ ከድንኳኑ ወለል ትንሽ ማነስ አለበት፤ ጠርዙ ከወጣ ከላይ የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ከወለሉ ስር ያጠራቅመዋል። የእኛ ሸራ በየጎኑ አንድ አንድ ክንድ ይተርፋል። ሌሊት ሲዘንብ ሐይቁ ራሱ እኛን ሊጠይቅ ይመጣል።

እሳቱም የራሱ ጥበብ አለው። እንጨት የሚያያዘው በተራ ነው፦ መጀመሪያ እንደ ክብሪት የቀጠነ ጭራሮ፣ ቀጥሎ እንደ አውራ ጣት፣ መጨረሻ ላይ እንደ ክንድ የወፈረው። ይህ ለትዕግስተኛ ነው። የእኛ ሰው ግንዱ ላይ አንድ ጠርሙስ የከሰል ማቀጣጠያ ይገለብጣል፤ ፈሳሹ ቦግ ብሎ ብቻውን ነዶ ያልቃል፣ ግንዱ እንደነበረ ይቀራል፣ ሁለተኛው ጠርሙስ ይመጣል። ግንዱ ደግሞ ከጓሮ የተጫነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ላይ የተገኘውና አሽ የሚባለውን ዛፍ የፈጀው አረንጓዴ ጥንዚዛ በራሱ ክንፍ ሩቅ አይሄድም፤ እጩ ከቅርፊት ስር ተኝቶ በማገዶ ነው አገር የሚያካልለው። እንግዳ ተቀባይነታችን የታወቀ ስለሆነ በነጻ እናሳፍረዋለን። እዚያው አካባቢ የተቆረጠ ማገዶ በጥቂት ዶላር መግዛት ለንፉግ ነው።

የሙያችን ቁንጮ ግን ስፒከሩ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ሰማይ ይሄድ የነበረው ድምፅ ተመልሶ ወደ መሬት ይታጠፋል፣ በሐይቅ ላይ ደግሞ የሚያግደው የለም። ቀን ሁለት ሳይት (የድንኳን ቦታ) የማያልፍ የእስክስታ ዘፈን ማታ ወዲያ ማዶ ይሰማል። «ቀንሰነዋል እኮ» የሚለው መልሳችንም ከልብ ነው፤ ስፒከሩን ቀንሰናል፣ አየሩን ማን ይቀንስልን?

ሬንጀሩ (የፓርኩ ጠባቂ) ይመጣና የዝምታ ሰዓት ከ11 እስከ 7 ነው ይላል። እኛ መች ካድን? ለእሱ 11 ማለት ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ለእኛ ግን 11 ያው 11 ነው፣ ሊነጋጋ ሲል። እስከዚያ ስድስት ሰው ይዞ እንዲያድር በተሰጠ ሳይት ላይ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ካርታ እንጫወታለን፤ መኪናው መቆለፉን ለማረጋገጥም በየግማሽ ሰዓቱ ቁልፉን እየተጫንን ጥሩምባውን እናስጮኸዋለን። ጫካ ውስጥ ሌባ አይታጣም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ውዳሴው ይቁም። ቡና አልቆ ምድጃው ገና ሲግም «ይሙቀን» ብሎ ከሰሉን ወደ ድንኳን የሚያስገባ አለ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታ የለውም፣ ዚፑን ትንሽ ከፈት ማድረግም አያድንም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ በአየር የተነፋው ፍራሽ ውስጥ ያለው አየር ራሱ ይቀዘቅዛል። ከሰውነት በላይ ብርድ ልብስ ከመደረብ ከስር አንዱን ማንጠፍ ይሻላል። ከሰሉ ውጭ ውሃ ይፈስበት፣ ይማሰል፣ እንደገና ይፍሰስበት፣ የእጅ ጀርባ ሲጠጋው እስኪቀዘቅዝ ድረስ። አመድ የሸፈነው ፍም በማግስቱም ያቃጥላል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የተረፈውን ጥብስ መኪና ውስጥ ቆልፎ መስኮት መዝጋት ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ጠረጴዛ ላይ በፎይል ሸፍነን እንተወዋለን። ራኩን የሚባለው የጫካ እንስሳ ፎይል መክፈት ከእኛ ልጆች ይበልጣል፤ የካቶክቲን ጥቁር ድብም የቅቤ ሽታ ከሩቅ ይለያል። ድስቱን የምናጥበው ሁሉም የመጠጥ ውሃ በሚቀዳበት ቧንቧ ስር ነው፤ የወጡ ዘይት ጠጠሩ ላይ ይቀርና ቀጣዩን ሳምንት ሙሉ ጉንዳኑም ራኩኑም ይሰለፍበታል።

ሲነጋጋ፣ ልክ በ11 ሰዓት፣ ስፒከሩ ይጠፋል። ቃላችን ቃል ነው። ከዚያ ግን የጎረቤት ልጆች ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከአምስት ላይ ብስክሌት እየነዱ ይስቃሉ፣ አባታቸው የመጥበሻ ክዳን ያንኳኳል። ከመካከላችን አንዱ ነጠላውን ተከናንቦ፣ በካልሲ፣ ሬንጀሩ ቢሮ ድረስ ይሄዳል፦ የዝምታ ሰዓት እስከ 7 አይደለም እንዴ?