የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብለው አነበቡብኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት እለፉኝ። ከአክስቴ ቤት አሁን መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ገዳዩን ነገሩኝ። በቃ ነገሩኝ! ሳሎኑ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ፣ ጋሼ የመጽሐፌን መጨረሻ ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡት።

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ። የኳስ ውጤት እንዳይነገረው ስልኩን አጥፍቶ የዋለውን የአጎቴን ልጅ በር ላይ ጠብቀው «ሦስት ለባዶ!» ያሉት እሳቸው ናቸው። አክስቴ የምትከታተለውን ድራማ ቀድመው ዩቲዩብ ላይ አይተው እራት ላይ «ልጅቷ ትሞታለች» ያሉትም እሳቸው ናቸው። አንቱ ስለምላቸው ነው እንጂ ለዚህ አመል ሌላ ስም አለኝ።

መጽሐፉ ከቦርሳዬ ብቅ ብሎ ነበር። ሽፋኑ ላይ የሠርግ ኬክ የምትበላ ፍየል አለች። ጎትተው አወጡት።

«ምንድነው ይሄ? የልጅ መጽሐፍ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ልብወለድ ነው። የወንጀል ምርመራ።»

«ፍየሏ ናት ገዳይዋ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

«ማስተርስ ያላት ሴት እኮ ነሽ። በአንቺ ዕድሜ እኛ ስንት ቁም ነገር እናነብ ነበር።»

ዝም ማለት ሲገባኝ ማስረዳት ጀመርኩ። ይሄ ዓይነቱ ኮዚ ይባላል፤ ግድያ አለ እንጂ ደም አይረጭበትም፤ መርማሪዋ ፖሊስ ሳትሆን እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለች ሰው ናት፤ ሁሉም ነገር በአንድ መንደርና በአንድ ነገረኛ ቤተሰብ ውስጥ ነው የሚያልቀው። እዚሁ አጠገባችን፣ ሜሪላንድ ቤተዝዳ ውስጥ፣ ማሊስ ዶሜስቲክ የሚባል የእነዚህ መጻሕፍት አንባቢና ደራሲ የሚገናኝበት ጉባኤ አለ፣ በፈረንጆቹ 1989 የተጀመረ፣ በእንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብወለድ ደራሲ በአጋታ ክሪስቲ ስም ይሸልማል አልኳቸው።

«ምን ይሸልማል?»

«የሻይ ማንቆርቆሪያ።»

«ጀበና ተሸለሙ በይኛ!»

ሳቁ ሳሎኑን አናወጠው። ቡና የምታፈላው ልጅ ሲኒውን መሬት አስቀምጣ ነው የሳቀችው። ጋሼ ሰው ሲስቅላቸው ደግሞ ማቆም የሚባል ነገር አያውቁም። ቅቤ የጠጣ ፈንድሻ ሲዘግኑ በቆዩበት እጅ፣ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው፣ ወደ መጨረሻው ገለጡት።

«እስቲ ፍየሏ የት ደረሰች...»

«ጋሼ እባክዎን! አርባ ገጽ ነው የቀረኝ!»

«ታዲያ ከአርባ ገጽ ልገላግልሽ!»

አነበቡት። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ያችን የዜና አንባቢ ድምፃቸውን አውጥተው። ከዚያ ላልሰማ ሰው በአማርኛ ተረጎሙት።

ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ከእናንተ ውስጥ ተራ የያዙ ሁለት ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ላይ የተደረገውን እናንተ ላይ አላደርግም። መጽሐፉ ደግሞ የእኔ እንኳ አይደለም፣ የቤተ መጻሕፍት ነው! ስድስት ሳምንት ተራ የጠበቅኩበት። መጨረሻው ገጽ ላይ የጋሼ አውራ ጣት በቅቤ ታትሞበታል፤ መብራት ላይ ስይዘው መስመር መስመሩ ሳይቀር ይታያል። አሻራ ማለት ይሄ ነው።

ያቃጠለኝ ምን መሰላችሁ? ደራሲዋ የለፋችው ልፋት ነው። እነዚህ መጻሕፍት እኮ ከአንባቢ ጋር የገቡት ቃል አለ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ፣ ራሱም የዚሁ ዓይነት ልብወለድ ደራሲ፣ በ1929 አሥር ሕግ አውጥቶላቸዋል፤ አንዱ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ አንባቢም ወዲያው ማየት አለበት ይላል። ደራሲዋ ፍንጩን ዓይኔ ሥር አስቀምጣ፣ ፍየሏን አስጩሃ፣ አክስትየዋን አጣልታ፣ በሳቅ አዘናግታ ታሳልፈኛለች። እኔ ደግሞ እሷን ለመቅደም ገጽ እየተመለስኩ እፈትሻለሁ። ሁለታችን ስንጫወት ሰውዬው መሐል ገብተው ሰሌዳውን ገለበጡት!

ለንደን ውስጥ ማውስትራፕ የሚባል የአጋታ ክሪስቲ ቴአትር አለ። በ1952 የተከፈተ፣ ወረርሽኙ በ2020 እስኪያስቆመው ድረስ ሳይቋረጥ የታየ፣ ከዚያም የቀጠለ። መጨረሻ ላይ ተዋናዮቹ ተመልካቹን «ገዳዩን ለማንም እንዳትናገሩ» ብለው ይለምናሉ። ስንት ሕዝብ አይቶ ወጥቷል፣ አሁንም ሰው ሳያውቅ ሊያይ ይገባል። ያ ሁሉ ሰው አፉን መያዝ ሲችል ጋሼ ሁለት ደቂቃ አቃታቸው!

«የማይረባ» የሚሏት ነገር ደግሞ አለች። እሷ ከገዳዩም በላይ ገብታኛለች። ባለፈው ዓመት የልጅ ክርስትና ላይ አንዷ ዘመዳችን «አሁንም የድመት መጽሐፍሽን ታነቢያለሽ?» ብላኛለች፤ ሥራ ቦታም ሰምቻታለሁ። የሚያስለቅስ መጽሐፍ ከያዝሽ ምሁር ነሽ፤ የሚያስቅ ከያዝሽ ሥራ ፈት። ማነው እንዲህ የፈረደው? እስቲ ሞክሩት፤ ሰው ሞቶ፣ አሥራ ምናምን ተጠርጣሪ ይዞ፣ በየገጹ ማሳቅ! የኮዚ ደራሲዋ ዶና አንድሩስ በ1999 የመጀመሪያ መጽሐፏን ስታወጣ ታሪኩን ያደረገችው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዮርክታውን ነው። ዋናዋ ሴት ብረት ቀጥቃጭ ናት፤ በአንድ በጋ ሦስት ሠርግ ጫንቃዋ ላይ ወድቋል፤ ለሠርጉ ድምቀት ተብሎ ጣዎስ ይመጣል፤ አባቷ ምርመራ ምርመራ የሚሸታቸው ሐኪም ናቸው። ሦስት ሠርግ ያስተናገደ ሐበሻ ይህን ሲያነብ የገዛ ቤቱን ነው የሚያየው። መጽሐፉም ያንኑ ጀበና፣ ይቅርታ፣ ማንቆርቆሪያውን ተሸልሟል።

እንስሳውም ለጌጥ የገባ አይደለም። ሰው ይዋሻል፣ እንስሳ አይዋሽም። ውሻው የሚቆፍረው የተቀበረ ነገር ስላለ ነው።

ይህን እኔ ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። ጉለሌ፣ አያቴ ቤት፣ የፋሲካ ሌሊት። ዶሮው ላይ አሥራ ሁለት እንቁላል ገብቷል፤ አያቴ ለጾም ፍቺ ስትቆጥር አሥራ አንድ። ሰባት ልጆች ነበርን። ግድግዳው ሥር አሰለፈችን፤ በእጇ ኩራዝ ይዛ እጃችንን አንድ በአንድ አሸተተች። የታላቁ ያክስቴ ልጅ ጣት በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ማማሰያ ልሼ ነው እያለ እየማለ ኩርኩም ቀመሰ። ሲነጋ ከቁም ሳጥኑ ሥር የጎረቤት ነጭ ድመት ወጣች፤ ጢሟ እስከ ጫፉ በቁሌት ቀልቷል፣ አስኳል ደረቷ ላይ ደርቋል። አያቴ ምንም አልተናገረችም። የልጁን ግንባር ሳመችና የአያቴን ባል ድርሻ፣ ፈረሰኛዋን፣ ለእሱ አወጣችለት። ያን ቀን ነው ይሄ ነገር ደሜ ውስጥ የገባው።

እነሱ ግን ይህን አያውቁም። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ወጥቼ፣ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ልቤ ተከፍሎ «ማን ሞተ?» ብዬ የማነሳ ሰው ነኝ። ዜናውን በቀን ሦስቴ አያለሁ፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚጣራ ነገር የለም፣ የሚጠየቅም የለም። ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ የጠፋው የሚገኝበት፣ የበደለ የሚያዝበት፣ ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ይቅርታ የሚባልበት፣ ፍየሏም ጠግባ የምታድርበት ቦታ መግባት ያስፈልገኛል። ለዚያች አንድ ሰዓት ነው ስድስት ሳምንት የጠበቅኩት።

ደክሞኛል። የፊታችን እሁድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነው፣ ጋሼም ይመጣሉ። መደርደሪያዬን ምን ላድርገው? አንሶላ ልሸፍንበት?

ቆይ፣ ስልክ። አክስቴ ናት።

...

አሁን ምን አለችኝ መሰላችሁ! ጋሼ እራት አልበሉም አሉ። ገዳዩን አወቁት፣ ለምን እንደገደለ ግን መጨረሻው ገጽ ላይ አልተጻፈም። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ «ያ ሰውዬ ምን አድርጎት ነው?» ይላሉ። «እባክሽ እናቴ፣ ንገሪያቸውና እንተኛ» ትላለች።

እኔም ገና አላወቅኩትም። አርባ ገጽ ይቀረኛል። ጫማዬን አውልቄ አሁኑኑ እጨርሰዋለሁ።

አልነግራቸውም።