እምቢ ማለትም ልምድ ይፈልጋል

እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1942 ማለዳ፣ ፖላንድ ውስጥ ዮዜፎቭ በምትባል ከተማ ዳርቻ አምስት መቶ የሚጠጉ የጀርመን ፖሊሶች አዛዣቸውን ከበው ቆመዋል። አብዛኞቹ ከሃምቡርግ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ትዳርና ልጆች ያሏቸው ተራ ሰዎች ናቸው። አዛዡ ሻለቃ ትራፕ እንባ እየተናነቀው ትእዛዙን ነገራቸው። ለጉልበት ሥራ ከሚፈለጉት ወንዶች በቀር የከተማዋን አይሁዶች፣ ሴት ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ፣ እንዲገድሉ ነው። ቀጥሎ ግን ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ፤ በዕድሜ ከገፉት መካከል ይህን ማድረግ አልችልም የሚል ካለ መውጣት ይችላል አለ።

አንድ ሰው ወጣ። የቅርብ አለቃው ሲቆጣው ትራፕ አለቃውን ዝም አሰኘው። ይህን ያዩ ሌሎች ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሰዎች ተከተሉት። የቀሩት ባሉበት ቆሙ። በዚያ ቀን 1,500 ያህል ሰው ተገደለ።

እኛ አገር ለአለቃ የመታዘዝ ነገር ሲነሳ ወዲያው የሚጠቀሰው ፍርሃት ነው። «ጎመን በጤና» እንላለን፤ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» እንላለን። ዮዜፎቭ ላይ ግን የሚያስፈራ ቅጣት አልነበረም። አዛዡ ራሱ በሩን ከፍቶላቸው ነበር። የያዛቸው ሌላ ነገር ነው፤ ከጓደኛ መለየት፣ ፈሪ መባል፣ ሸክሙን ለሌላው ጥሎ መሄድ። ስለዚህ እምቢ ባዮቹንም «ጀግኖች ስለሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እንዲህ ያለው ምስጋና እነሱን ያከብራል፣ እኛን ግን ከኃላፊነት ያወጣናል። ጀግንነት አብሮ የሚወለድ ከሆነ፣ ያልታደለው ሰው ምን ይጠየቃል? እኔ በዚህ አልስማማም። እምቢታ ከዕለቱ ብዙ ቀደም ብሎ የሚሠራ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የዬል ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራም ከ1961 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ያካሄደው ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአንድ ቁጥር ነው። ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ «ቀጥል» ስለተባሉ ብቻ፣ በሌላ ክፍል ላለ ሰው እስከ 450 ቮልት ኤሌክትሪክ የለቀቁ መስሏቸው ማብሪያውን እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ሰውየው አስመሳይ ነበር፤ ኤሌክትሪኩም አልነበረም። እኔን የሚስበኝ ግን ሚልግራም ሁኔታዎቹን ሲቀያይር የታየው ነው። ተጎጂው እዚያው ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ እስከ መጨረሻው የሄዱት ወደ 16 ወረዱ። ትእዛዙ በስልክ ሲሰጥ የታዘዘው ከአምስት አንዱ ያህል ነበር። አብረው የተቀመጡ ሁለት ባልደረቦች «አንቀጥልም» ብለው ሲነሱ ደግሞ ከ40ው እስከ መጨረሻው የደረሱት 4 ብቻ ሆኑ። ሰዎቹ ከተመሳሳይ ከተማ የመጡ፣ ተመሳሳይ ዓይነት ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ማን አጠገባቸው እንዳለ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እምቢ ካሉት ብዙዎቹ ያቆሙት 150 ቮልት ላይ፣ ተጎጂው ለመጀመሪያ ጊዜ «አውጡኝ» ባለ ጊዜ ነው። ያንን ያለፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዳር ይሄዳል፤ ምክንያቱም አሁን ካቆመ እስካሁን ያደረገው ስህተት እንደነበር ማመን ይኖርበታል። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሆላንድ የተሰደደ መሐንዲስ ነበር። «ምርጫ የለህም» ሲባል በመገረም ተቆጣ፤ ምርጫማ አለኝ፣ የመጣሁት በፈቃዴ ነው አለ። አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ነገሩ ማስመሰል መሆኑን ጠርጥረው ነበር የሚል ትችት በሙከራው ላይ ቀርቧል፤ ትችቱን ቀላል አላደርገውም። ይሁንና አንድ ሰው ቀድሞ ሲወጣ የሌሎቹ እግር እንደሚፈታ ዮዜፎቭም ያለ ቤተ ሙከራ አሳይቶናል።

ስለ አቡነ ጴጥሮስ ስናወራ የምንጀምረው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተኳሾቹ ፊት ሲቆሙ ነው። አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለፋሺስት ጣሊያን እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ፤ ተገደሉ። ለእኔ ግን የበለጠ የሚነግረኝ ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ነው። ሰላሌ ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ፤ ከእነ ደጃዝማች አበራ ካሳ ጋር። አውግዙ የተባሉት ፊታቸውን የሚያውቋቸውን፣ የባረኳቸውን ሰዎች ነው። በ1921 ዓ.ም. አብረዋቸው ጵጵስና ከተቀበሉት አባቶች መካከል አቡነ አብርሃም በኋላ ከጣሊያን ሹመት ተቀብለዋል። ይህን የማነሳው ለመኮነን አይደለም። ማዕረጉም ትምህርቱም አንድ ሆኖ ሳለ ውሳኔው ሊለያይ መቻሉ፣ ልዩነቱን ከማዕረግ ውጪ እንድንፈልግ ስለሚያስገድደን ነው።

ሳሙኤል ኦሊነር በልጅነቱ ቤተሰቦቹ በናዚዎች ሲገደሉ፣ እሱን አንዲት ፖላንዳዊት ገበሬ አተረፈችው። አድጎ ተመራማሪ ሲሆን ከባለቤቱ ከፐርል ጋር፣ አይሁዶችን ደብቀው ያዳኑ ከ400 የሚበልጡ ሰዎችን አስተዳደግ አጠና። ካገኙት ነገር አንዱ ወላጅ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው፤ የአዳኞቹ ወላጆች ልጅ ሲያጠፋ ከመምታት ይልቅ ምክንያቱን ማስረዳት ያዘወትሩ ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቤት አለማሰብ አልችልም። በስንት ቤት ነው «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «ስላልኩህ ነዋ!» የሚባለው? «ታዛዥ ነው» የሚለው ቃል ለአንድ ልጅ የምንሰጠው ትልቁ ምስጋና ነው። ታላቅን ማክበር መልካም ነው፤ እንዲጠፋ አልፈልግም። ነገር ግን ምክንያት ተነግሮት የታዘዘ ልጅ፣ አንድ ቀን ምክንያት የሌለው ትእዛዝ ሲመጣበት የጎደለውን ነገር ያውቀዋል። በአለንጋ ብቻ የታዘዘ ልጅ የሚያውቀው አለንጋው በማን እጅ እንዳለ ነው። አድጎ መሥሪያ ቤት ሲገባ አለቃው ላይ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

እምቢታን በሥልጠና ማስተማር እንደሚቻልም ማስረጃ አለ። ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ከሁለቱ አንዱ፣ የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም አውሮፕላን፣ መንደርደር ሲጀምር የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን ከመንገዱ አልወጣ ይሆን ብሎ ጠይቆ ነበር። ዋና አብራሪው፣ በኩባንያው እጅግ የተከበረ አሠልጣኝ፣ ወጥቷል ብሎ ቀጠለ። መሐንዲሱም ዳግመኛ አልተናገረም። ከዚህና ከመሰል አደጋዎች በኋላ አየር መንገዶች የበታች ሠራተኛ ስጋቱን በግልጽ እንዲናገር፣ ካልተሰማ እንዲደግም፣ አለቃውም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ የዓለም አብራሪዎች ይህን የሚማሩት እንደማንኛውም የሥራ ክህሎት ነው።

በሐኪም ትእዛዝ ላይ የመድኃኒት መጠን ስህተት ያየች ነርስ፣ ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ እንዲፈርም የታዘዘ የንብረት ክፍል ሠራተኛም ይህ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። አዲስ ተቀጣሪ ሥራ ሲጀምር የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይነገረዋል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣበት ግን በምን ቃል እንደሚመልስ፣ ለማን እንደሚያመለክት፣ ማን ከጎኑ እንደሚቆም የሚነግረው የለም። የሆስፒታልና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይህን ለማስተካከል የበጀት ዓመቱን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ በሚቀጥለው የሠራተኛ ስብሰባ ሊጀምሩት ይችላሉ።