«ሲያፏጩብን የዋሉት እርስዎ ነዎት?»

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ስለሆነ ለአንደበቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። የእናቴን የሪፈራል ጉዳይ፣ ማለትም ወደ ሌላ ሐኪም የተላከችበትን ወረቀት ለክሊኒኩ የማድረሱን ጣጣ፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት በዝርዝር አልደግመውም። ያቺን ኮፒም ስካንም ፋክስም ትሠራለች ተብላ በ2011 የተገዛች ፕሪንተሬንም ቤቴ ቡና የጠጣ ሁሉ ክርኑን አሳርፎባታል። ዛሬ ከክርን ማሳረፊያነት ያለፈ ሥራ ብጠይቃት ከጠዋት እስከ ማታ አሠቃየችኝ።

ክሊኒኩ የሪፈራሉን አምስት ገጽ የሚቀበለው በፋክስ ብቻ ነው። በኢሜይል ልላክ ስል «የሕመምተኛ ምስጢር ሕግ አይፈቅድም» ይሉኛል፤ የሚጠቅሱት በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ (HIPAA) ግን ተገቢው ጥንቃቄ እስከተደረገ ድረስ ኢሜይልን አይከለክልም። አሌክሳንደር ቤይን የሚባለው ስኮትላንዳዊ የፋክስን ጥንስስ በ1843 እ.ኤ.አ. ሲያስመዘግብ ስልክ ገና አልተፈለሰፈም፣ አፄ ቴዎድሮስም ገና አልነገሡም ነበር። እኔ ግን በዚህ ዘመን፣ በሜሪላንድ፣ በዚያ ጥንስስ ስባዝን ዋልኩ።

ፋይሉ ላፕቶፔ ላይ ስለነበረ፣ አትሜ መልሼ ከማስገባት በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ልላከው አልኩ። ድሮ «ፕሪንት» ስል ሁለት ስም ይወጣልኝ ነበር፤ አንዱ ለማተሚያ፣ ሌላው ለፋክስ። ኮምፒውተሩ ማንም ሳያዘው ራሱን ካደሰ በኋላ ግን የፋክሱ ስም የለም። በራሱ ፈልጎ የጫነው ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሯ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ማተም ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ፤ ፋክሱ ያለው ከአምራቹ ድረ ገጽ በሚወርደው ሙሉ ጥቅል ውስጥ ነው። የሞዴሉን ቁጥር ለማንበብ በደረቴ ተኝቼ፣ በሞባይሌ መብራት ከጀርባዋ ስዳብስ ያገኘሁት ከፋሲካ የተረፈ ፈንዲሻ እና ያለ ቦታው የተሰካ የስልክ ገመድ ነበር። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ ከግድግዳው የሚመጣው መስመር የሚገባው «ላይን» በሚለው ሲሆን፣ የኔው ለተጨማሪ ስልክ በተሠራው ውስጥ ተወትፎ ኖሯል። ማን እንደወተፈው እናውቃለን። ያው ኮምፒውተር ተምሬያለሁ የሚለው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ዛሬም ደውዬለት ያገኘሁት ምክር «አጥፍተሽ አብሪው» የሚል ብቻ ነው። ለገና ቴሌቪዥኔን የቀበረው በዚሁ ምክር መሆኑን አልረሳሁም።

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ መደወል ጀመረች፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ትቆርጣለች። የቤታችን ስልክ በኢንተርኔት የሚሠራ ነው፤ ድምፁ ተቆራርጦ ሲጓዝ ከመንገድ የሚጠፋውን ቅንጣት የሰው ጆሮ ሞልቶ ይሰማዋል፣ ፋክስ ግን አንዲት ፉጨት ስታመልጠው ሁሉንም ይተወዋል። መፍትሔው ፍጥነቱን ከ33,600 ወደ 9,600 ቢት በሰከንድ ዝቅ ማድረግ ነበር። ይህንን ለማወቅ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። በዚያ ሁሉ መዋከብ መካከል፣ ቅጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የፋክስ ቁጥር ትቼ፣ አናቱ ላይ ያለውን የእንግዳ መቀበያውን ስልክ አስገብቼ ኖሯል። መሳሳቴ ሲገባኝ ኮምፒውተሩ ላይ ሰረዝኩት፤ ነገር ግን ፕሪንተሯ ሥራውን አስቀድማ ወደ ራሷ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ወስዳው ስለነበር በየአምስት ደቂቃው መደወሏን ቀጠለች። እኔ ሳላውቅ ማለት ነው። ፋክስ ሲደውል ለግማሽ ሰከንድ ይጮኻል፣ ለሦስት ሰከንድ ዝም ይላል፣ እንደገና ይጮኻል። ይህንን ጩኸት በሰው ጆሮ ውስጥ አስቡት።

በሞባይሌ ደውዬ የእናቴን ስም ስናገር ተቀባይዋ ዝም አለች፤ ከዚያም በጥሩ አማርኛ፣

«ሐበሻ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

ደስ አለኝ፤ የሀገር ልጅ አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ።

«አዎ፣ እህቴ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ሲያፏጩብን የዋሉት እርስዎ ነዎት?»

ከኋላዋ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስለ ማስታወሻውና ስለ ፍጥነቱ ማስረዳት ጀመርኩ። እሷም ለስለስ ብላ «አይጨነቁ እትዬ፣ ቤት ውስጥ ልጅ የለም? ልጆች እኮ ይችሉበታል» አለችኝ። እትዬ! አርባ አንድ ዓመቴ ነው። የድሮ መሣሪያ ካላመጣሽ ያሉኝ እነሱ፣ የድሮ ሰው የተባልኩት እኔ!

ባለፈው ወር እኮ ከዚህ ሁሉ ይሻላል ብዬ፣ በገጽ ሁለት ዶላር ከሚያስከፍለው ሱቅ ልኬ ነበር፤ «አልደረሰንም» ብለው ካዱኝ። የማረጋገጫውን ወረቀት ሳነብላቸው «እንፈልገዋለን» አሉ፤ እስከ ዛሬ በመፈለግ ላይ ናቸው።

ለማንኛውም ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል በኋላ አምስቱም ገጾች ገቡ፤ «ተሳክቷል» የሚል ወረቀትም ተፋችልኝ። ያችው የሀገር ልጅ ደውላ፣ አራቱ ገጾች እንደሚነበቡ፣ የእናቴ የኢንሹራንስ ካርድ ግን ጥቁር ሰሌዳ ሆኖ እንደደረሰ ነገረችኝ። ካርዱ ሰማያዊ ነው፤ ፋክስ ደግሞ ጥቁርና ነጭ እንጂ ሰማያዊ አያውቅም። አደብዝዤ ኮፒ አድርጌ እሱን ብቻ ደግሜ ላክሁ፣ ቢሯቸውም ተዘጋ።

ይኸው ይህን እየጻፍኩ ሳሎን ውስጥ ፕሪንተሯ እንደገና ስትደውል ይሰማኛል። በየትኛው ቁጥር እንደሆነ ሄጄ ለማየት አቅም አጣሁ።