«ይህማ ጅማ ነው!»

ሰው ካገሩ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከደቡብ ሕንዷ ባንጋሎር 250 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተንገላቶ (ወደ ኮዳጉ አውራጃ የሚገባ ባቡር የለምና)፣ ጠመዝማዛውን የተራራ መንገድ ሆዱን ይዞ ጨርሶ መዲኬሪ ከተማ ከደረሰ በኋላ፣ ጭጋግ የለበሰውን ጫካ በመስኮት አየት አድርጎ «ይህማ ጅማ ነው!» ሲል ምን ይባላል? ይህን ያለው ለትምህርት ሕንድ የሚኖር አበሻ የጉዞ ጓደኛዬ ነው። ጅማ ከሆነማ ከአዲስ አበባ በግማሽ ቀን ይደረስበት ነበር።

አባቶች «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ብለዋል። አባባሉን እጅግ እወደዋለሁ፤ በሰው አገር ያለ ሰው አንገቱን ይደፋል፣ የሰጡትን ይሸከማል፣ በመሩት ይሄዳል ማለት ነውና። የዘመናችን መንገደኛ ግን አይጫንም፣ አይለጎምም፤ በተለይ አይለጎምም።

የባሰው ቡናው ዘንድ ስንደርስ መጣ። የኮዳጉ ቡና በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በግንዶቹ ላይ ደግሞ የቁንዶ በርበሬ ሐረግ ስለሚጠመጠም አንዱ ማሳ ሁለት ምርት ይሰጣል። የእርሻው ባለቤት፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ጠብ ካላለ የቡናው አበባ እንደማይፈነዳ ሊያስረዱን አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ጓደኛዬ ካፋን፣ እረኛውን፣ ፍየሎቹን አንድ በአንድ ተረከላቸው። በትሕትና አዳመጡት። ከዚያም ባባ ቡዳን የተባሉ የሱፊ ሊቅ በ17ኛው መቶ ዘመን ከሐጅ ሲመለሱ ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቀው አምጥተው፣ ከኮዳጉ በስተሰሜን ባሉት የቺክማጋሉር ተራሮች ላይ እንደ ተከሉ የሚነገረውን ሊያወጉን ጀመሩ። «የመንም የወሰደችው ከእኛ ነው» ተባሉና ዝም አሉ።

ቡናው ሲቀርብ ወተት በዝቶበታል፤ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥርም ተቀላቅሎበታል። ጓደኛዬ ይህ በቡና ላይ የተፈጸመ ወንጀል እንደሆነ ፈረደ። ሕንዶቹ ግን የቀላቀሉትን በማሸጊያው ላይ በመቶኛ ይጽፋሉ፤ ሕጋቸውም የቡናው ድርሻ ከ51 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ የተፈጨ ቡና ነው ብሎ የተቆላ ገብስ የሸጠልኝ ባለሱቅ በመቶኛ የነገረኝ ነገር የለም። ስንት ዓመት አለፈው፤ ቂሜ ግን አላለፈም። ቀለሙ የቡና፣ ሽታው የበሶ፣ ዋጋው ደግሞ የይርጋ ጨፌ ነበር! የጠጡት እንግዶቼ እስከ ዛሬ የሚያሙት እኔን እንጂ ባለሱቁን አይደለም። ወንጀል የሚባለውስ ይህ ነው።

ወደ ታላካቬሪም ወጣን። በብራህማጊሪ ተራራ ላይ በድንጋይ የታጠረች ትንሽ ኩሬ ናት፤ የካቬሪ ወንዝ መነሻ ተብላ ስለምትከበር በየዓመቱ በጥቅምት ምእመናን ውኃው ሲፈልቅ ለማየት ይጎርፋሉ። «ይህማ ግሽ ዓባይ ነው!» አለ። የሚያናድደው፣ እዚህ ላይ ብዙም አልራቀም። ካቬሪ ኮዳጉ ካለችበት ከካርናታካ ግዛት ተነሥቶ ወደ ታሚል ናዱ ይወርዳል፤ ሁለቱ ግዛቶች በእንግሊዞች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1892 እና በ1924፣ በተፈረሙ የውኃ ክፍፍል ውሎች ሰበብ ሲሟገቱ ኖረው ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2018 እንኳ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር። አስጎብኚያችን የላይኛው ተፋሰስ ሰው ነውና ብሶቱን ሊያሰማ ሲጀምር፣ ጓደኛዬ የ1929ኙንና የ1959ኙን የዓባይ ውሎች አወረደበት። ሁለቱም የላይኛው ተፋሰስ ልጆች ሆነው ሳለ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸው፤ ይበልጥ የተበደለው ማን እንደሆነ መስማማት አቃታቸው።

የተነሣሁት እንኳ ስለ ደኑ ልጽፍ ነበር። በኮዳጉ ለአማልክት የተሰጡ፣ «ዴቫራ ካዱ» የሚባሉ፣ ከ1,000 በላይ የተከለሉ ጫካዎች አሉ። ብዙ ባወጋኋችሁ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በአንዱ አጠገብ ስናልፍ አውቶቡሱ ውስጥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ሰፊ ገለጻ እየተሰጠ ነበር፤ መስኮቱም በገላጩ በኩል ነበር።