ጆን ፎገርቲ መልሶ መቅዳት የነበረበት ሌላውን ነው

አሜሪካዊው የሮክ ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ጆን ፎገርቲ 80ኛ ዓመቱን ከደፈነ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 2025፣ «ሌጋሲ» የተሰኘ የሃያ ዘፈኖች ስብስብ አወጣ። ዘፈኖቹ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል ከተባለው ባንዱ ጋር ሆኖ ዓለምን ያዳረሰባቸው ናቸው፤ ነገር ግን ከቀድሞዎቹ ሸክላዎች ተለቅመው የተሰባሰቡ አይደሉም። ፎገርቲ ከልጆቹ ከሼንና ከታይለር ጋር ስቱዲዮ ገብቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ቀድቷቸዋል። በዲጂታል መደብሮችም ከየዘፈኑ ርእስ ጎን የጆን ቅጂ መሆኑን የሚገልጽ ተቀጽላ ሰፍሯል። አልበሙን ብዙዎች ዘግይቶም ቢሆን የመጣ ፍትሕ ነው ብለው ተቀብለውታል። እኔ ግን ፍትሑ ከዚህ አልበም አስቀድሞ የተገኘ ነው፣ አልበሙም ለዘፈኖቹ የጨመረላቸው ነገር እምብዛም ነው ባይ ነኝ።

ሰውየው የደረሰበትን በደል ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ከካሊፎርኒያዋ ኤል ሴሪቶ ከተማ የተነሡት አራት ወጣቶች ከፋንታሲ ሬከርድስ ጋር በገቡት ውል መሠረት፣ ፎገርቲ የደረሰው ግጥምና ዜማም ሆነ የተቀዳው ድምፅ የኩባንያው ንብረት ሆነ። በ1969 ብቻ ሦስት አልበሞች አወጡ፤ አምስት ነጠላ ዜማዎቻቸውም በየጊዜው በአሜሪካ የቢልቦርድ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጡ። (አንደኛ የወጣ ግን አንድም የላቸውም።) ባንዱ በ1972 ሲፈርስ ደራሲው ገና ብዙ የሥራ ዕዳ ነበረበት፤ ከዚያ ውል ለመላቀቅም በቀድሞ ቅጂዎቹ ላይ የነበረውን የሮያሊቲ፣ ማለትም ከሽያጩ የሚታሰብለትን ክፍያ፣ ድርሻ አሳልፎ ሰጠ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በ1985 «ሴንተርፊልድ» በተባለው አልበም ወደ መድረክ ሲመለስ፣ ፋንታሲ በዚያ አልበም ላይ ያለው አንዱ ዘፈን በ1970 ራሱ ከደረሰው ከሌላ ዘፈን የተቀዳ ነው ብሎ ከሰሰው። ሰው ራሱን መሰልህ ተብሎ የተከሰሰበት፣ በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ አቻው በቀላሉ የማይገኝ ክስ ነው። በ1988 ፎገርቲ ጊታሩን ይዞ የምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈኖቹን እንዴት እንደሚሠራ ለዳኝነት ሸንጎው በተግባር አሳየ፤ ረታም። በ1994 ደግሞ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በቅጂ መብት ክርክር የረታ ተከሳሽ የጠበቃ ወጪ ሲጠይቅ ከረታ ከሳሽ ጋር በአንድ ዓይን መታየት አለበት የሚል ውሳኔ ተሰጠ፤ ውሳኔው ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሳል።

በእነዚያ ዓመታት ፎገርቲ የክሪደንስን ዘፈኖች መድረክ ላይ አልዘፍንም ብሎ ነበር። በ1987 በሎስ አንጀለስ አንድ ክበብ ውስጥ ቦብ ዲላን፣ «ፕራውድ ሜሪ»ን አሁን ካልዘፈንክ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በራሷ መንገድ የተጫወተችው የድምፃዊቷ የቲና ተርነር ይመስለዋል ብሎ እንዳግባባው ፎገርቲ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ለቬትናም ዘማቾች በዋሽንግተን አቅራቢያ በተዘጋጀው ኮንሰርት ላይ ዘፈኖቹን አደባባይ ሲያወጣቸው፣ ደራሲው ከሥራው ጋር የታረቀው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ድምፃውያን የቆየ ሥራቸውን መልሰው የሚቀዱበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከመብት ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት ዓይነት መብት አለ፤ አንዱ የግጥሙና የዜማው፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ፣ በሙያው ቋንቋ የማስተሩ ነው። የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያያቸው። ማስተሩ በኩባንያ እጅ የሆነበት ድምፃዊ በውሉ ላይ የተቀመጠው የእገዳ ዘመን ሲያልፍ ዘፈኑን ዳግመኛ ቢቀዳ፣ አዲሱ ማስተር የራሱ ይሆናል። ዴፍ ሌፐርድ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ2012 ከኩባንያው ጋር በዲጂታል ሽያጭ ክፍያ ሳይስማማ ሲቀር ታዋቂ ዘፈኖቹን ቁርጥ የቀድሞዎቹን አስመስሎ ቀዳቸው። ቴይለር ስዊፍት ከ2021 ጀምሮ ያደረገችውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ከፎገርቲ ዘፈኖች ጎን የተለጠፈው ተቀጽላም የእርሷን ፈለግ የተከተለ ነው።

የፎገርቲ ሁኔታ ግን ከእነዚህ ይለያል። ፋንታሲን በ2004 የገዛው ኮንኮርድ የተባለው ኩባንያ፣ ፎገርቲ አሳልፎ የሰጠውን ሮያሊቲ ወዲያው መለሰለት። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ፎገርቲ ከሃምሳ ዓመት ሙግት በኋላ የግጥምና ዜማዎቹን የባለቤትነት መብት አብላጫ ድርሻ በእጁ አስገባ፤ ማስተሮቹ ኮንኮርድ ዘንድ ቀሩ። «ሌጋሲ»ን ያሳተመው ማን ነው ቢባል፣ ያው ኮንኮርድ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቅጂ ከኩባንያው እጅ ያስለቀቀው ነገር የለም፤ የቀድሞውንም የአሁኑንም የሚሸጠው አንድ ድርጅት ነው። ደራሲ ለዘፈኑ ባለመብት ሲሆን የሚሰማውን ደስታ በአልበም ማክበሩ የሚነቀፍ ባይሆንም፣ ደስታውን የትግል ስም ሰጥቶ ማቅረብ ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

ይህ አልበም የሚያደበዝዘው ኩባንያውን ሳይሆን ሦስት ሰዎችን ነው። ከበሮውን የመታው ዳግ ክሊፎርድ፣ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ስቱ ኩክ እና በ1990 ያረፈው የጆን ታላቅ ወንድም ቶም ፎገርቲ በቀድሞዎቹ ቅጂዎች ውስጥ አሉ፤ በ«ሌጋሲ» ውስጥ የሉም። ዘፈኖቹን የደረሰው፣ ያቀነባበረው፣ የዘፈነው፣ መሪ ጊታሩንም የተጫወተው ጆን ስለሆነ ባንዱ ማለት እርሱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የክሪደንስ ሙዚቃ ልዩ መልክ የመጣው ከዚያ ካልተጣደፈ፣ ጌጥ ከማያበዛ፣ ከጉርምስናቸው ጀምሮ አብረው ከተጫወቱ ሰዎች ብቻ ከሚገኝ ምት ነው። በመካከላቸው የነበረው ቂም የሚታወቅ ነው፤ ቶም በሙግቱ ጊዜ ለያኔው የፋንታሲ ባለቤት ለሶል ዘንትስ ማድላቱን ጆን ይቅር ለማለት ተቸግሮ ኖሯል፤ በ1993 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ሲገባም ጆን ከኩክና ከክሊፎርድ ጋር አልጫወትም ብሎ ከብሩስ ስፕሪንግስቲን ጋር ተጫውቷል። እንግዲህ የ1976ቱ «ክሮኒክል» የተባለው የባንዱ ስብስብ ሃያ ዘፈን እንደያዘ ሁሉ አዲሱም ሃያ ዘፈን ይዞ ጎን ለጎን ሲቀርብ፣ ለአዲስ አድማጭ የአራት ሰዎች ሥራ የአንድ ሰውና የልጆቹ ሥራ ሆኖ መታየቱ አይቀርም።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ፣ የሰማንያ ዓመት ሰው እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ድምፅ ማውጣቱ በእውነት ያስገርማል። ሆኖም አልበሙ የቀድሞውን ቅጂ እስትንፋሱ ሳይቀር ለመምሰል ስለሚጥር፣ አድማጩ ልዩነት ከመፈለግ ውጭ ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ ልዩነቱን ሲያገኘውም ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው ያጋድላል። «ፎርቹኔት ሰን» በ1969 ሲቀዳ፣ የባለሥልጣንና የሀብታም ልጅ ቀርቶ የድሃው ልጅ ወደ ቬትናም ሲላክ በዓይኑ ያየ፣ ራሱም በተጠባባቂ ጦር ያገለገለ የ24 ዓመት ወጣት ቁጣ ነበር። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ያንኑ ግጥም ሲዘፍን ቁጣው ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር፤ ምናልባት የከረመ፣ ምናልባት ያዘነ። ይህን መስማት እፈልግ ነበር። አልበሙ ግን የ24 ዓመቱን ወጣት እንድሰማ ነው የሚጠይቀኝ፤ እርሱን ደግሞ በዋናው ሸክላ ላይ አገኘዋለሁ።

የተለየ መንገድ የመረጡ አሉ። ኬት ቡሽ በ2011 «ዳይሬክተርስ ከት» በተባለው አልበሟ በ1989ና በ1993 ያወጣቻቸውን ዘፈኖች በጎለመሰ ድምፅ እንደገና ስትዘፍን፣ አንዳንዶቹን ከሥር መሠረታቸው ቀይራቸዋለች፤ ሁሉም ተሳክቶላታል ባልልም፣ ለምን እንደቀዳቻቸው ግን ስሰማ ይገባኛል። «ሌጋሲ» በወጣበት ዓመት ለአድማጭ የቀረበው የአንጋፋው ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ»ም የቆዩ ድርሰቶችን አዲስ ቅንብር አልብሶ ያመጣ ሥራ ነው። ፎገርቲም ራሱ ይህን ያውቅበታል፤ በ2013 ባወጣው አልበም «ፎርቹኔት ሰን»ን ከፉ ፋይተርስ ጋር፣ «ፕራውድ ሜሪ»ን ደግሞ ከጄኒፈር ሃድሰንና ከኒው ኦርሊንስ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ጋር ሲጫወት ዘፈኖቹ ሌላ አገር የሄዱ ያህል ታድሰው ነበር።

ፎገርቲ ዳግመኛ ስቱዲዮ የሚገባ ከሆነ መልሶ ሊቀዳው የሚገባው ሥራ ሞልቶለታል። በ1976 «ሁዱ» የተባለ አልበም ጨርሶ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ከአሳታሚው ጋር ተነጋግረው አስቀሩት፤ ቆይቶም ፎገርቲ ራሱ የቀረጻው ቴፕ እንዲጠፋ ጠየቀ። የ1986ቱ «አይ ኦቭ ዘ ዞምቢ»ም በዘመኑ የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ተውጦ የቀረ አልበም ነው፤ ደራሲው ራሱ ለረጅም ዓመታት ዘፈኖቹን ከመድረክ አርቋቸው ነበር። በእነዚህ ሁለት አልበሞች ውስጥ መጀመሪያ ሲቀዱ ዕድል ያልቀናቸው ዘፈኖች አሉ፤ ከልጆቹ ጋር ሆኖ እነርሱን ቢያነሣቸው የማንንም ከበሮ አይተካም፣ ከማንም ሸክላ ጋርም አይወዳደርም።