ከእንግሊዝኛው በፊት ማንበቡ

ግንቦት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ወሬው አንድ ነው፤ «የእናንተስ ስንት ጨመረ?» የግል ትምህርት ቤቶች ወላጅ ይጠራሉ። ባለቤቱ ማይክራፎን ይዞ ስለ ቤት ኪራይና ስለ መምህራን ደመወዝ ያስረዳል። ከኋላ አንድ አባት ተነስቶ ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል። መስከረም ላይ ግን እሱም ከፍሎ ይገኛል። ወርሃዊ ክፍያው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ምዝገባ አለ፣ ሰርቪስ አለ፣ ከትምህርት ቤቱ ብቻ የሚገዛ ዩኒፎርም አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ማታ ማታ አስጠኚ ይቀጠራል። የአስጠኚው ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ቀን ላይ ምን ተሠርቶ ነው?

ወላጆችን ለምን የግል እንደመረጡ ብትጠይቁ ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እንግሊዝኛ ላይ ይደርሳሉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ታችኞቹ ክፍሎች የሚማሩት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው። ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናውም እንደዚያው። ስለዚህ ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ግን እስቲ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ለተማረ የ3ኛ ክፍል ልጅ የሳይንስ መጽሐፉን ስጡትና ያንብብላችሁ። ጥርት አድርጎ ይወጣዋል። «ምን ማለት ነው?» ስትሉት ዝም ይላል። ቀጥሎ የአማርኛ ጋዜጣ አምጡለት። ፊደል በፊደል እየለቀመ ይሄድና «ጰ» ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያያችኋል። አማርኛውን ማንበብ አልቻለም፣ እንግሊዝኛው አልገባውም። ሁሉም ልጅ እንዲህ ነው አልልም። የበዙ ግን አሉ።

በጣም ውድ ስለሆኑት ትምህርት ቤቶች አላወራም፤ ልጁን እዚያ የሚያስተምር ወላጅ ይህን ምርጫ አይጨነቅበትም። የእኔ ጥያቄ መሃለኛው ላይ ነው። ለመኖሪያ የተሠራ ቪላ ይከራያል፤ ሳሎኑ ክፍል ይሆናል፣ ጋራዡ ቤተ መጻሕፍት ይባላል። ልጆቹ እረፍት ላይ መሮጫ የላቸውም። እዚያው ሰፈር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሰፊ ግቢና ሜዳ አለው፤ መምህራኑም ለሙያው የሠለጠኑ ናቸው። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ለተማሪዎች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምግብ ማቅረብ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል።

የመንግሥቱን ጉድለትም እንናገር። ክፍሉ ይጨናነቃል። ልጁ ከትምህርት ቢቀር ማን ይነግረኛል ብላችሁ ነው? የግሉ ትልቁ ጥቅም፣ ለእኔ፣ እዚህ ላይ ነው፤ ሲቀር ስልክ ይደወላል፣ የቤት ሥራው ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ወላጅም ፈርሞ ይልካል። እናትም አባትም አምሽተው የሚገቡበት ቤት ለዚህ ቢከፍል አልፈርድበትም።

ውጤት ነው የምንገዛው ካላችሁ ግን፣ ትምህርት ሚኒስቴር በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሲናገር የወደቁት የመንግሥት ልጆች ብቻ አልነበሩም። በ2016ም ቁጥሩ ከ5.4 በመቶ አላለፈም። ከዚያ ሁሉ መሃል ደህና ውጤት ካስመዘገቡት ውስጥ የመንግሥት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል።

እኔ ብጠየቅ መሃለኛውን የግል ትቼ ሰፈር ያለውን የመንግሥት እመርጣለሁ፤ ለክፍያ የሚወጣውን ብር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ መጽሐፍ እገዛበታለሁ። የግሉን የሚመርጥም ነሐሴ ላይ ሄዶ ሁለት ነገር ይጠይቅ። ካምና መምህራን ስንቱ ዘንድሮም አሉ? አማርኛ ማንበብ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለው? የመንግሥቱንም ርዕሰ መምህር ይህንኑ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ወላጅ ግን ግብሩን እየከፈለ፣ ወርሃዊ ስላልከፈለ ብቻ የመጠየቅ መብት ያለው አይመስለውም።